የንጉሥ ወዳጅ፦ የልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ አጭር የሕይወት ታሪክ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ነቢዩ ሳሙኤል በሸመገለ ጊዜ እስራኤልን በአንድ ስፍራ ሰብስቦ ስለ ራሱ እንዲመሰክሩ እንደ ጠየቃቸው በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ምዕራፍ 12 ተጽፏል። የማንን በሬ እንደ ወሰደ፣ የማንን አህያ እንደ ቀማ፣ ከማንስ እጅ መማለጃ እንደ ተቀበለ፣ በእግዚአብሔርና በተቀባው ንጉሥ ፊት እንዲናገሩበት ፈቀደላቸው፤ ሕዝቡም ምንም እንዳላገኙበት መሰከሩ። ሳሙኤል ያን ጊዜ ፍርዱን ለንጉሥ አስረክቦ ነበርና ሕዝቡ የሚፈራው ሰው አልነበረም፤ ምስክርነቱም ክብደት ያገኘው ከዚህ የተነሣ ነው። ባለ ሥልጣን በመንበሩ ላይ ሳለ የሚያመሰግነው አያጣም።

በቅርቡ ዘመን ከኖሩት የኢትዮጵያ መኳንንት መካከል እንዲህ ባለው ሚዛን ላይ ደጋግመው የወጡ ሰው ቢፈለግ፣ ልዑል ራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ በግንባር ይቆማሉ። ማርኮ ያሰራቸው ጠላት፣ በንጉሠ ነገሥቱ ላይ የተነሡ ወታደሮች፣ በመጨረሻም መኳንንቱን በጅምላ የከሰሰው ደርግ በየተራቸው መዘኗቸው። በኮሎምበስ ተወልደው የሚያድጉ የምእመናን ልጆች ስማቸውን ሰምተውት አያውቁ ይሆናል፤ ቢሰሙትም በአባታቸው ስም ምክንያት የግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ይመስሏቸዋል። አባታቸው ግን ደጃዝማች ኃይለ ሥላሴ አባይነህ ናቸው፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ያላቸው ዝምድናም የአጎትና የአክስት ልጆች ዓይነት ነው።

ራስ እምሩ የተወለዱት በ1885 ዓ.ም. በሐረርጌ ሲሆን፣ ከልጅ ተፈሪ መኰንን ጋር እኩያ ነበሩ። ሁለቱ ሕፃናት በልዑል ራስ መኰንን ጥላ ሥር በአንድ ቤት አደጉ፤ ፈረንሳይኛን ከአባ ሳሙኤል በአንድነት ተማሩ፤ ራስ መኰንን በመጋቢት ወር 1898 ዓ.ም. ካረፉ በኋላም ወደ አዲስ አበባ ተወስደው በዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ገቡ። ከእነዚህ እኩዮች አንዱ ከጊዜ በኋላ አልጋ ወራሽ፣ ቀጥሎም ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ሌላው ደግሞ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ እርጅናቸው ድረስ የንጉሥ ወዳጅ ተብለው ኖሩ። ይህ ስም ለሰው ልጅ ከባድ ፈተና ነው። የንጉሥ ወዳጅ በር አይዘጋበትም፤ የሚከሰው አይገኝም፤ ያልጠየቀው እጅ መንሻ በራሱ ጊዜ ደጁ ድረስ ይመጣለታል።

ሐረርንና ወሎን በተከታታይ ካስተዳደሩ በኋላ ትልቁ ሹመት የመጣላቸው ከጎጃም ነበር። ጎጃምን ከሃያ ዓመት በላይ የገዙት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ ራስ ኃይሉ ነበሩ። ራስ ኃይሉ ብልህና ሥራ ወዳድ ሰው ቢሆኑም፣ በባላገሩ ላይ ያከማቹት የግብር ዓይነትና ከግብሩ ያካበቱት ሀብት በአገሩ ሁሉ ይወራ ነበር። በ1924 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ በሰላሌ ከነበሩበት ግዞት ሲያመልጡ ረድተዋል ተብለው ተከሰው ታሰሩ፤ ጎጃምም ለእምሩ ተሰጠ። የራስነት ማዕረግም በዚሁ ዘመን ተጨመረላቸው።

እዚህ ላይ እውነቱን ማለዘብ አይገባም። ጎጃም አዲሱን ገዥ በእልልታ አልተቀበለም። ባላገሩ የራስ ኃይሉን ግብር ቢያማርርም፣ ራስ ኃይሉ የአገሩ ባላባት ልጅ ነበሩ፤ እምሩ ግን ከሸዋ መንግሥት የተላኩ ሰው ናቸው። ንጹሕ እጅ ብቻውን የሕዝብን ልብ አያስገኝም፤ ይህም በኋላ በጦርነቱ ጊዜ ብዙ ዋጋ አስከፈላቸው። ሆኖም ጎጃምን ባስተዳደሩበት ዘመን የጎጃምን ሀብት ወደ ቤታቸው አጓጓዙ የሚል ወሬ ከጠላቶቻቸው አፍ እንኳ ሲወጣ አልተሰማም።

በዚያው ዘመን የንጉሥ ወዳጆች ጉዳይ በኦሃዮም ትልቅ መነጋገሪያ ነበር። ከኮሎምበስ በስተ ሰሜን በመኪና አንድ ሰዓት ያህል ተጉዞ ማሪዮን ከተማ የደረሰ ሰው፣ በነጭ እምነ በረድ አዕማድ የታነጸ ትልቅ መቃብር ያያል። የፕሬዚዳንት ዋረን ሃርዲንግ መቃብር ነው። በማሪዮን ጋዜጣ አሳታሚ የነበሩት እኚህ ሰው ከ1921 እስከ 1923 እ.ኤ.አ. አሜሪካን መሩ። እሳቸው ራሳቸው ጉቦ መቀበላቸው አልተረጋገጠም፤ ወዳጆቻቸው ግን ተቀበሉ። የሴኔት ባልንጀራቸው የነበሩትና የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትር ያደረጓቸው አልበርት ፎል፣ ቲፖት ዶምን ጨምሮ የመንግሥት የነዳጅ ይዞታዎችን ለከበርቴዎች አከራይተው በምላሹ ገንዘብ በመውሰዳቸው በ1931 እ.ኤ.አ. ወኅኒ ወረዱ፤ በሥልጣን ላይ ሳሉ በፈጸሙት ወንጀል የታሰሩ የመጀመሪያው የአሜሪካ ሚኒስትርም ሆኑ። ሃርዲንግ ያን ሁሉ ሳያዩ አርፈው ነበር፤ ስማቸው ግን እስከ ዛሬ ከወዳጆቻቸው ስም ጋር ታስሮ ይነሣል። በኢትዮጵያ ዙፋን አጠገብም እምሩ የአልበርት ፎልን ያህል ቅርብ፣ ይልቁንም ከእሱ የበለጠ ቅርብ ሰው ነበሩ። በአሜሪካ የምክር ቤት ምርመራና ፍርድ ቤት ነበረ፤ በኢትዮጵያ መስፍኑን የሚመረምረው ኅሊናውና ፍትሐ ነገሥቱ ብቻ ነበሩ።

ኢጣሊያ በ1928 ዓ.ም. መስከረም መጨረሻ ኢትዮጵያን ስትወር፣ ራስ እምሩ የጎጃምን ጦር እየመሩ ወደ ሰሜን ተጓዙ። በታኅሣሥ 5 ቀን ሠራዊታቸው ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉና የጠላትን ጦር ገጠመ፤ ወታደሮቹም የብረት ታንክን በባዶ እጅና በጎራዴ እየተጋፈጡ ድል አደረጉ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ግን በዚያው በተከዜ ዳር አንድ ማለዳ የጠላት አውሮፕላኖች መጥተው በርሜል የሚመስል ዕቃ ጣሉ። ዕቃው መሬት ሲነካ እየተሰበረ ፈሳሽ ረጨ፤ ፈሳሹ የነካው ሰው እጁ፣ እግሩና ፊቱ እየቆሰለ ይጮህ ጀመር፤ ከወንዙ ውኃ የጠጡ ገበሬዎችም ወደቁ። የመርዝ ጋዝ ነበር። የጦር አለቆቹ ምን እናድርግ ብለው ከበው ሲጠይቋቸው፣ ራስ እምሩ የሚመልሱት ቃል አልነበራቸውም፤ ይህንንም ከብዙ ዓመት በኋላ ሳይደብቁ ተናግረዋል። ሌላ የጦር አዝማች ቢሆን በዚያች ሰዓት የሰጠውን ትእዛዝ አሳምሮ ባወራ ነበር። እሳቸው ግራ እንደ ገባቸው መመስከርን መረጡ።

በየካቲት መጨረሻ በሽሬ ከፍ ያለ ውጊያ ተደርጎ ሠራዊታቸው ተፈታ። በጎጃም በኩል ሲመለሱም አገሩ በእነ ደጃዝማች ገሠሠ በለው አመፅ ተነሥቶ ቆያቸው። ንጉሠ ነገሥቱ ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ለቅቀው ወደ ውጭ ሲወጡ፣ ራስ እምሩን እንደራሴ አድርገው ሾሙ፤ የመንግሥቱም መቀመጫ በምዕራብ በጎሬ እንዲሆን ተወሰነ። ሹመቱ በስም ከፍተኛ፣ በተግባር ግን ባዶ ነበር፤ ግምጃ ቤት የለም፣ ጦር የለም፣ አካባቢው ሁሉ የጠላትን መምጣት ይጠባበቃል።

በዚያ ጊዜ ከሆለታ የጦር ትምህርት ቤት የወጡና በውጭ አገር የተማሩ ወጣቶች ጥቁር አንበሳ የተባለውን ማኅበር አቋቁመው ነበር። ማኅበሩ የጽሑፍ ደንብ ነበረው። በደንቡ ውስጥ ባላገሩን መበደል ተከልክሏል፤ ምርኮኛን ማንገላታት ተከልክሏል፤ ወደ ውጭ አገር መሰደድም እንዲሁ። ጦር ሲበተን ወታደር የገበሬውን ጎተራ መገልበጡ በተለመደበት ዘመን፣ እነዚህ ወጣቶች ስለ ገበሬው ጎተራ ደንብ ጻፉ። መሪ እንዲሆኗቸው የመረጧቸውም ራስ እምሩን ነው። በዕድሜ አባታቸው ሊሆኑ የሚችሉት መስፍን፣ ልጆቹ ለጻፉት ሕግ ታዛዥ ሆነው አብረዋቸው ወጡ።

ጉዞው አልቀናም። በታኅሣሥ ወር 1929 ዓ.ም. በጎጀብ ወንዝ አጠገብ ተከበቡ። ራስ እምሩ ለተከተሏቸው ሰዎች ሕይወት ተደራድረው እጃቸውን ሰጡ፤ በአውሮፕላን ወደ ኢጣሊያም ተወሰዱ። ከሁለት ወር በኋላ፣ በየካቲት 12፣ በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ተጣለ፤ በተከተለው ጭፍጨፋም ራስ እምሩ ስለ ሕይወታቸው የተደራደሩላቸው ብዙ የጥቁር አንበሳ ወጣቶች ተገደሉ። ቃሉን ያጠፈው ጠላት መሆኑ የታወቀ ነው። ቢሆንም ለልጆቹ ዋስ የሆነ ሽማግሌ በሕይወት ተርፎ ልጆቹ መሞታቸውን በእስር ቤት ሆኖ ሲሰማ ምን እንደሚሰማው፣ አባት የሆነ አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። የራስ እምሩን ኋለኛ ሕይወት፣ ጭምትነታቸውንና ለራሳቸው ምንም አለመሻታቸውን ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ጎጀብን መዝለል የለበትም።

ከታሰሩባቸው ቦታዎች አንዱ ፖንዛ የምትባል ትንሽ ደሴት ናት። በሐምሌ ወር 1935 ዓ.ም. ቤኒቶ ሙሶሊኒ ከሥልጣን ተሽሮ ሲያዝ ወደዚችው ደሴት ተወሰደ፤ ያኖሩትም ቀደም ሲል ራስ እምሩ በታሰሩበት ቤት ውስጥ ነበር። ይህን የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ እጁን ወደ ሰማይ ማንሣቱ አይቀርም። ራስ እምሩ ከሰባት ዓመት ገደማ እስራት በኋላ የኅብረቱ ጦር ኢጣሊያ ሲገባ ነፃ ወጥተው ወደ አገራቸው ተመለሱ።

ከዚያ በኋላ የተሰጣቸው አገልግሎት በአብዛኛው ከአገር ውጭ ሆነ፤ በአሜሪካ፣ በህንድና በሶቪየት ኅብረት ኢትዮጵያን ወክለዋል። በዋሽንግተን ሳሉ በመስከረም 1948 እ.ኤ.አ. የደረሰባቸው ነገር በዚህ አገር ለሚኖሩ ቤተሰቦች ሊታወስ የሚገባ ነው። ፕሬዚዳንት ትሩማን በኮንስቲቲውሽን አዳራሽ ለአሜሪካ የሳይንስ ዕድገት ማኅበር ንግግር በሚያደርጉበት ቀን ራስ እምሩ ከሌሎች የውጭ መልእክተኞች ጋር ተጋብዘው ተቀምጠው ሳለ፣ በቆዳቸው ቀለም ምክንያት ከስፍራቸው እንዲነሡ ተጠየቁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ማሪያን አንደርሰን የተባለችው ጥቁር ዘፋኝ እንዳትዘፍንበት የተከለከለችው በዚሁ አዳራሽ ነው። የኢትዮጵያ ሌጋሲዮን ተቃውሞውን በይፋ አቀረበ፤ የአሜሪካ መንግሥትም ይቅርታ ጠየቀ። የንጉሠ ነገሥት ዘመድ፣ የጦር አዝማች፣ እንደራሴ የነበሩ ሰው በዚያ ምሽት በዋሽንግተን ከማንኛውም ጥቁር ሰው እኩል ተቆጠሩ። ጢሰኛ በጌታው ፊት ሲቆም የሚሰማውን ለማወቅ ከዚህ የሚሻል ትምህርት ቤት ለአንድ ራስ አይገኝለትም።

ስለ ጢሰኛ የተነሣው ነገር እንዲሁ አልመጣም። በዚያን ጊዜ በደቡብ ኢትዮጵያ ገበሬው በሚያርሰው መሬት ላይ ባለቤት አልነበረም፤ መሬቱ የመኳንንት፣ የወታደርና የቤተ ክርስቲያን ነበር፤ አራሹም ከምርቱ ሲሶውን ወይም እኩሌታውን ይገብር ነበር። ራስ እምሩ የመሬት ሥሪት እንዲሻሻል ለንጉሠ ነገሥቱ ከሚመክሩት ወገን ነበሩ። ምክሩ ሳይሰማ ሲቀር የራሳቸውን መሬት ለጢሰኞቻቸው አከፋፈሉ። ሕግ አላስገደዳቸውም፤ ከመኳንንቱም ምሳሌ የሆናቸው አልነበረም። በመኳንንቱ ዘንድ አንዳንዱ ሳቀ፣ አንዳንዱም ተቆጣ፤ ቀዩ ራስ የሚል ስምም ወጣላቸው። ስሙ በዘመኑ ቋንቋ ኮሚኒስት ለማለት ነበር። ወንጌልን የሚያነብ ሰው ግን ይህን ሥራ ለመረዳት ከዘኬዎስ አልፎ መሄድ አያስፈልገውም።

የገዛ መሬትን መስጠት የአገሩን ሕግ እንዳልለወጠ ግልጽ ነው። በአንድ መስፍን ርስት ላይ ያሉ ገበሬዎች ዳኑ፤ ከአጥሩ ማዶ ያሉት እንደ ነበሩ ቀሩ። ለንጉሡ በጆሮ የመከሩትን በአደባባይ ለምን አልተናገሩም ብሎ የሚጠይቅ አይጠፋም፤ ጥያቄውም ተገቢ ነው። አብሮ አደግን በአደባባይ መውቀስ ለእሳቸው የሚቻል አልነበረም። ታማኝነታቸው ጸጋቸውም ወሰናቸውም ሆነ።

ይህ ወሰን በይፋ የታየው በታኅሣሥ 4 ቀን 1953 ዓ.ም. ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በውጭ አገር ጉብኝት ላይ ሳሉ የክብር ዘበኛ አዛዥ ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድማቸው ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት አካሄዱ፤ ራስ እምሩንም ጠቅላይ ሚኒስትር ብለው አወጁ። ሙከራው በቀናት ውስጥ ከሸፈ። ብዙ ሰው ተገደለ፤ ጄኔራሉም በስቅላት ተቀጡ። ራስ እምሩ ግን አልተቀጡም። ነገሩን ሁለቱም ወገኖች ከተለያየ በር ገብተው በአንድ ስፍራ ተገናኙበት፤ ዓመፀኞቹ ሕዝብ የሚያምነው ስም ሲፈልጉ የመኳንንቱን ስም ዝርዝር ገልጠው እሳቸው ላይ አቆሙ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ስሙ ያለ ፈቃዳቸው እንደ ተወሰደ ቆጠሩላቸው።

የሥልጣን ዋጋ በትናንሽ ነገርም ይለካል። የሰበካ ጉባኤ አባል ሆኖ የሚያውቅ ሰው ሙዳየ ምጽዋት በብዙ ሰው ፊት የሚከፈትበትን ምክንያት ያውቃል፤ ማንም ሌባ ነው ተብሎ ሳይሆን የታማኙም ሰው ስም እንዲጠበቅለት ነው። ራስ እምሩ በኖሩበት ዘመን ለመኳንንቱ ሣጥን እንዲህ ያለ ተመልካች አልነበረም። ስማቸው የተጠበቀው ሣጥናቸው በኋላ ሲከፈት በተገኘው ነገር ነው።

ሣጥኖች ሁሉ የተከፈቱት በ1966 እና በ1967 ዓ.ም. ነበር። አብዮቱ ሲፈነዳ ልጃቸው ልጅ ሚካኤል እምሩ ለጥቂት ሳምንታት ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከዙፋን ወረዱ። ኅዳር 14 ቀን ደርግ ስድሳ ያህል ሚኒስትሮችን፣ ጄኔራሎችንና መሳፍንትን ያለ ፍርድ ረሸነ፤ የንጉሣውያን ቤተሰብ ወይዛዝርት ሳይቀሩ ታሰሩ። የካቲት 25 ቀን የገጠር መሬት ሁሉ ተወረሰ። የዙፋኑ የቅርብ ዘመድ፣ የአሮጌው ሥርዓት ራስ፣ የሰማንያ ዓመት አረጋዊ በዚያች ከተማ ውስጥ ነበሩ፤ አልታሰሩም፣ አልተገደሉም። ደርግ ከመኳንንት የሚፈልገው መሬት ነበር፤ የእሳቸው ግን አስቀድሞ በአራሾቹ እጅ ገብቷል። ደርግ የማንንም ቅድስና አይቶ የሚራራ አልነበረም፤ ስለዚህ ይህን ዝምታውን እንደ ምስክርነት መቁጠር ይቻላል።

ራስ እምሩ በ1972 ዓ.ም. በነሐሴ ወር አረፉ፤ መንግሥቱም በክብር አስቀበራቸው። በዚያች ዓመት የቤተ ክርስቲያኒቱ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ቴዎፍሎስ ተገድለው ዓመት ሆኗቸው ነበር፤ ዐፅማቸው የት እንደ ወደቀ ምእመናን በዚያ ጊዜ አያውቁም ነበር። አብሮ አደጋቸው ንጉሠ ነገሥትም በቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ በስውር ተቀብረው አምስተኛ ዓመታቸውን ይዘዋል፤ ወጥተው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል በጸሎት እስኪያርፉ ድረስ ገና ሃያ ዓመት ይቀራል። የራስ እምሩ ካየሁት ከማስታውሰው የተባለው መጽሐፍ በ2002 ዓ.ም. ታትሞ ወጣ። በሐረር ከአንድ ቤት ከወጡት ሁለት እኩዮች መካከል በዚያ የነሐሴ ወር በቀን ብርሃን፣ ካህናት እየፈቱ፣ ሕዝብ እያየ ወደ መቃብር የወረዱት መሬታቸውን ያከፋፈሉት ነበሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።